በድምፄ የተቃኙ ቀርከሃዎች

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። እኔ ጎደሬ እልጣለሁ፣ ባለቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የአንዲት ቀርከሃ አፍ በምላጭ ይፍቃል። አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ይህ ነው።

«እስቲ ያዢልኝ» አለ።

ቢላዋውን ሳላስቀምጥ ያቺን ድምፄን አወጣሁ። ቃል የላትም፤ አፍ ተዘግቶ የምትወጣ «እም» ናት። እሱ ቀርከሃዋን ከከንፈሩ ሥር አስደግፎ ነፋባት።

«እሺ እሜቴ፣ ምን ትያለሽ?»

«ዝቅ ትላለች።»

«በምን ያህል?»

«እኔ ምን አውቄ? የሙዚቃ መምህሩ አንተ። ትንሽ ናት፤ የጎደሬ ልጣጭ ታህል።»

ሳቀና እንደገና መፋቅ ጀመረ። ቀርከሃ ሲያጥር ድምፁ ከፍ ይላል። የረዘመውን መቁረጥ ይቻላል፣ ያጠረውን መቀጠል ግን አይቻልም። ስለዚህ ሲፍቅ ሁልጊዜ ትንፋሹን ይዞ ነው። ጥቂት ፍቆ ነፋ፣ እኔም ያዝኩለት።

«አሁንስ?»

«አሁን ገባች።»

«ገባች አይባልም፤ ተስማማች ነው የሚባል።»

«ለእኔ ገብታለች። ውሃው ፈልቷል መምህር፣ ልቀቀኝ።»

ተነሥቼ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። እሱ ቀርከሃዋን በጨርቅ ጠርጎ መስኮቱ ላይ አስቀመጣት። ማታ ጎደሬውን በሚጥሚጣ በላን፣ መብራት ስለጠፋ ቶሎ ተኛን። እሑድ ድካም ተሰምቶት ቤት ዋለ። ሰኞ ጠዋት ወደ ኮሌጁ ሲሄድ ዳገቱ ላይ ወደቀ። አንድ የባጃጅ ሾፌር አንሥቶ ሆስፒታል አደረሰው። እኔን ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ሲወስዱኝ ነገሩ አልቆ ነበር። ልቡ ነው አሉኝ። 

ባለቤቴ እዚህ ሚዛን ከተማ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሙዚቃ ያስተምር ነበር። ሠልጣኞቹ ከሸኮ፣ ከማጂ፣ ከማሻ፣ ከቴፒ ዙሪያ ይመጣሉ፤ ሲመረቁ ወደየመጡበት ተመልሰው ሕፃናት ያስተምራሉ። እሱ ራሱ እንደተማረው አድርጎ ብዙ ዓመት አስተማራቸው። ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር ያሰምራል፣ ኖታዎቹን ይደረድራል፣ ይህኛው አራት ምት ይቆያል፣ ያኛው ሁለት ይላል። እነሱ ይገለብጣሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ያልፋሉ። ፈተናቸውን ሲያርም እኔ ከጎኑ የእኔን ልጆች ደብተር አርማለሁ፤ የእሱ ወረቀት ሁሉ ትክክል ስለሆነ ከእኔ ቀድሞ ይጨርስ ነበር። በዚህ እቀናበት ነበር።

አንድ ቀን ግን ወደ ቤት ሲመጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። ምሳውን ሳይነካ ነገረኝ። ያን ዕለት ጀርባውን ለተማሪዎቹ ሰጥቶ በኪቦርዱ ሁለት ድምፅ አሰምቷቸዋል። ከፍ ያለው የቱ ነው ብሎ ሲጠይቅ ግማሹ የመጀመሪያው ሲል ግማሹ ሁለተኛው አለ። በፈተና አንደኛ የምትወጣውን ልጅ ነጥሎ ጠየቃት። እሷ በትሕትና ተነሥታ፣

«ቲቸር፣ ሰሌዳው ላይ ይጻፉልንና እንንገርዎት» አለችው።

«ይጻፉልን አለችኝ» አለኝ። «ድምፅን! እስክጽፍላት ድረስ ለእሷ የለም ማለት ነው። እንዲህ አድርጌ ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«እኛም ፊደልን እንዲሁ ነው የምናስቆጥረው» አልኩት ላጽናናው።

«የለም፤ ያንቺ ልጆች ‹ሀ›ን ከመጻፋቸው በፊት አፋቸውን ፈትተዋል።»

ከዚያ በኋላ አስተማሪነቱን እንደ አዲስ ጀመረው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ተማሪዎቹን ከክፍል አወጣቸው። ከክፍሎቹ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚወጣ ቀይ ዳገት አለ። እዚያ መንገድ ላይ አቁሟቸው ያዜማል፤ ዜማው ከፍ ሲል ወደ ላይ ይራመዳሉ፣ ዝቅ ሲል ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ሰፊ ዝላይ ከሆነ ይሮጣሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው፤ ጎረቤታቸውን አይተው እንዳይቀዱ። ጭቃው እያንሸራተተ ይጥላቸዋል። የሚያልፉ መምህራን «ምን አጥፍተው ነው የምትቀጣቸው?» ይሉት ነበር። እሱ ደግሞ ማታ እየሳቀ ያወራልኛል። ዓመቱ ሳያልቅ፣ ያቺ አንደኛ የምትወጣው ልጅ ዓይኗን ጨፍና ዳገቱን እንደ ደረጃ ቆጥራ ትወጣው ጀመር።

ቀጥሎ ቀርከሃው መጣ። የኮሌጁ ኪቦርድ በእኛ አገር እርጥበት ሻግቶ ቁልፎቹ አንድ በአንድ ዝም እያሉ ነበር። ከማሻ ሰው ልኮ ቀርከሃ አስመጣ፤ በኮረሪማ መኪና ላይ ተጭኖ፣ ቅርንጫፉ እንኳ በደንብ ሳይመለመል ደጃችን ወረደ። እየቆረጠ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንዳንድ ሠራለት። ልክ እንደ እምቢልታ አንዱ ቀርከሃ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። አንዱ ካረፈደ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ድምፅ እየሰማ መቆየት ግዱ ነው። የድምፁን ስም የሚነግራቸው ጆሯቸው ከለየው በኋላ ነበር፤ አምስቱ መስመር ደግሞ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ልጆቹ በዚህ አልተቸገሩም። የብዙዎቹ አባቶች በየአገራቸው እንዲሁ እየተቀባበሉ ይነፋሉ። የከበደው ለእሱ ነበር።

የከበደው አንዱ ነገር ቤት ነው። ቤት የሚለው ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ነበር። ዜማውን መሐል ላይ ያቋርጥና «ቤቷ የት ነው?» ይላቸዋል፤ ያን ድምፅ ፈልገው ማዜም አለባቸው። በባቲ ቅኝት የተሠራ ዜማ ላይ ግማሹ ክፍል እሱ ከጠበቀው ሌላ ድምፅ ላይ አረፈ። ስህተት ነው አላቸው። በማግሥቱ ለምን እዚያ እንዳረፉ ጠየቃቸው፤ እነሱም ሁለቱን ባንድ ላይ ሆነው አዜሙለት፣ ግማሹ እሱ ቤት ባለው፣ ግማሹ እነሱ ቤት ባሉት። በእነሱ አገር ዘፈን አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ከሥር ይገባል፣ ሦስተኛው መሐሉን ይሞላል፤ ሁሉም አንድ ድምፅ ላይ ይረፍ የሚል ሕግ የለም። ያን ዕለት ቤት ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ፣

«ባንድ ዘፈን ሁለት ቤት አለ ለካ» አለኝ።

«ሁለት ቤት ያለው ባለጸጋ ነው፤ እኛ የምንኖረው በኪራይ» አልኩት።

ለመጀመር ግን አንድ የሚያዝ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። ቀርከሃዎቹን የሚቃኝበት፣ ተማሪዎቹም የሚመለሱበት። ስልክ ላይ በነፃ የሚገኝ መቃኛ አለ አሉት። «ማጂ ወጥተው ሲያስተምሩ ቻርጅ ቢያልቅባቸውስ? ጆሯቸውም አብሮ ይጥፋ?» አላቸው። የእኔን ድምፅ ያገኘው በዚያ ሰሞን ነው። ልብስ ሳጥብ የማንጎራጉራት አንዲት «እም» አለችኝ፤ እኔ አላውቃትም ነበር። እሱ ግን ለሳምንት ያህል ሳይነግረኝ በስልኩ ለካት። ጠዋትም ማታም ያው ናት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ማነው የቃኘሽ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቀርከሃዎቹ ሁሉ በዚያች ድምፅ ተቃኙ። ያቺ ድምፅ ቤት ሆነች፤ ለራሷ ግን ቀርከሃ አልሠራላትም። ቤት በአፍ ነው የሚያዘው ይል ነበር። ክፍል ውስጥ እሱ በወፍራሙ ይይዘዋል፤ ቅዳሜ ተማሪዎቹ እኛ ዘንድ ሲመጡ እኔ እይዘዋለሁ። ጎደሬ እየላጥኩ፣ ምስር እየለቀምኩ። እነሱ በረንዳው ላይ ተደርድረው ሲነፉ እኔ ከሥራዬ ቀና አልልም ነበር። የዕለት ሥራዬ መስሎኝ።

በለቅሶው ቀን ተማሪዎቹ ቀርከሃቸውን ይዘው መጡ። በአንዳንዶቹ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ነፍተው ነው የሚሸኙት። በሩ ላይ ቆመው ጀመሩ። እኔ ቤት ውስጥ በሴቶች ተከብቤ ነበር፤ ከጩኸቱ መሐል ሰማኋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ድምፅ ገባ። ከዚያ የዕድራችን ዳኛ፣ «ኧረ በሕግ! ሰርግ ቤት መሰላችሁ እንዴ?» ሲል ተሰማ። ዜማው እዚያው ላይ ቆመ። ልጆቹ ቀርከሃቸውን በጃኬታቸው ሥር ደብቀው ድንኳኑ ውስጥ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ተቀመጡ። የዕድሩ ዳኛ ክፉ ሰው አይደለም፤ በእኛ ወግ ሐዘን ቤት አይነፋም፣ አይዘፈንም፣ ሬዲዮ እንኳ ይዘጋል። እነሱም በእነሱ ወግ ትክክል ነበሩ። በሁለቱ ወግ መሐል የባለቤቴ አስከሬን ነበር።

የባለቤቴ ታላቅ እህት ከጎጃም መጥተው ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ወንድማቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አርባው እስኪወጣ፣ ከዚያም መንገዱ እስኪደርቅ ድረስ ቆዩ። ሬዲዮውን በነጠላ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አልተቃወምኩም፤ የሚሰማ ጆሮ አልነበረኝም። ሲያስለቅሱኝ አለቀስኩ፣ ሙሾ ሲያወርዱ ተቀበልኩ፣ ደረቴን መታሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ድምፄ ጨርሶ ጠፋ። በእጄ ምልክት እየሰጠሁ ጨው አምጡ፣ በር ዝጉ እል ነበር።

«አይዞሽ፣ ለቅሶ ድምፅ ይበላል» አሉኝ የባለቤቴ እህት። «እናቴ ሲሞቱ የእኔም ሄዶ ተመልሷል።»

የእኔም ተመለሰ። ሌላ ሆኖ ነው እንጂ። ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ ልጆቹ ቀና ብለው አዩኝ። ወፍሮ፣ ሻክሮ፣ ከደረቴ ሥር የሚመጣ ድምፅ ነው። እድሜም ይሆናል፣ ሐዘንም ይሆናል፤ አልተመረመርኩም።

ከአርባው በኋላ ያቺ አንደኛ የምትወጣው ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ቤት መጣች። በሩ ላይ ጫማቸውን ከጭቃ ሲጠርጉ ብዙ ቆዩ። ሊሉ የመጡትን ለማለት ፈርተው ነበር። በመጨረሻ እሷ ተናገረች። ኮሌጁ ሌላ የሙዚቃ መምህር ስላላገኘ ትምህርቱን ለስፖርቱ መምህር ሰጥቶታል። የመመረቂያው ፈተና እንደ ድሮው በጽሑፍ ሊሆን ነው። ልጆቹ ለምነው ምክትል ዲኑ አንድ ዕድል ሰጥቷቸዋል፤ በጆሯቸው የሚችሉትን በኮሚቴ ፊት ያሳዩ፣ ካሳመኑ የባለቤቴ አሠራር ይቀጥላል፣ ካላሳመኑ ወደ ሰሌዳው ይመለሳል።

«ቲቸር፣ ቤቱን የሚይዝልን ሰው የለም» አለችኝ። «እርስዎ ቢመጡ።»

የባለቤቴ እህት ከማድ ቤት ወጡ።

«ምንድን ነው የሚሉሽ?»

«ኮሌጅ መጥተሽ አንዲት ድምፅ ያዢልን ነው የሚሉኝ፣ እትዬ።»

«ዝፈኚልን ነው በይኛ! በከል ልብስሽ! አገሬው ምን ይላል?»

«ዘፈን አይደለም። ቃል እንኳ የላትም።»

«ቃል የሌለው ዘፈን ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» አሉና ወደ ልጆቹ ዞሩ። «እናንተስ ብትሆኑ፣ የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ...» ብለው አልጨረሱትም። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። እሳቸው ወደ ማድ ቤት እየተመለሱ፣ «ሻይ ጠጡና ሂዱ» አሏቸው።

እኔ ግን እሄዳለሁ አልኩ። ከእሱ የቀረው ይህ ነበር። ልብሱን ለድሀ ሰጥተናል፣ ጫማውን ዘበኛው ወስዶታል። አሠራሩ እኔ አፌን ባለመክፈቴ ከጠፋ እሱን ሁለተኛ መቅበር መስሎ ታየኝ።

በቀጠሮው ቀን ጥቁሬን ለብሼ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ምክትል ዲኑ፣ ሁለት መምህራንና የስፖርቱ መምህር ተቀምጠዋል። የስፖርቱ መምህር ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝና ቀስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ይሳካላችሁ። እኔ የማውቀው ሙዚቃ ፊሽካ ነው» አለኝ። ቅን ሰው ነው።

ልጆቹ ተደርድረው ቀርከሃቸውን አነሡ። እኔ ትንፋሼን ስቤ ያዝኩ። ማለት ይዣለሁ ብዬ ነው። የወጣው ድምፅ ግን ያ አልነበረም። እጅግ ዝቅ ብሎ ይንቀጠቀጣል። እነሱ ነፉ፤ ቀርከሃዎቹ እርስ በርሳቸው ሲስማሙ ከእኔ ጋር ተጣሉ። እንደገና ሞከርኩ፣ ወደ ላይ ገፋሁት፤ ተሰነጠቀ። አንዱ መምህር ጎንበስ ብሎ ስልኩን አየ። ያቺ ድምፅ አፌ ውስጥ አልነበረችም። ባለቤቴ ሳምንት ሙሉ ለክቶ ያው ናት ያላት ድምፅ ጠፍታለች፤ እኔ ለቅሶ ቤት ውስጥ ጮኼ ጨርሻታለሁ።

ያን ጊዜ ልጅቷ ቀርከሃዋን ከአፏ አወረደችና፣

«ይተዉት ቲቸር፣ እናውቀዋለን» አለችኝ።

አፏን ዘግታ «እም» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ለእሷ የጀመረላት አልነበረም፣ ስልክም አልተመለከቱም። የእኔ ድምፅ ነበር፤ ልብስ ሳጥብ የነበረችው። ግማሾቹ እየያዙ ግማሾቹ ነፉባት፤ ያንኑ የባቲ ዜማ ነፉ፣ ሁለቱንም ቤት እያሳዩ። አንድም ቀርከሃ አላረፈደም።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው ደስ ብሎሽ ይሆናል ይሉኛል። ደስ አላለኝም። ሚስቱ በነበርኩ ጊዜ የነበረኝን ድምፅ ከሌሎች አፍ ሰማሁት፤ መልሼ መውሰድ አልቻልኩም። ተነሥቼ ወጣሁና መተላለፊያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ከውስጥ ኮሚቴው ሲያጨበጭብ ሰማሁ። ከዚያ አንደኛው መምህር፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ይኼ በወረቀት እንዴት ይታረማል?» ብሎ ጠየቀ። ሊመልስለት የሚችለው ሞቷል። እነዚያን ልጆች በጆሯቸው አሳለፏቸው። ከእነሱ በኋላ የመጡት ግን ወደ ሰሌዳው ተመለሱ። የስፖርቱ መምህር አምስቱን መስመር በትልቅ ማስመሪያ እያሰመረ፣ አቅሙ በፈቀደ መጠን ያስተምራል። አልፈርድበትም።

ቤት ስመለስ የባለቤቴ እህት ምሳ ከድነው ይጠብቁኝ ነበር።

«ዘፈንሽ?» አሉኝ።

«አልወጣልኝም፣ እትዬ።»

«እሰይ» ይላሉ ብዬ አስቤ ነበር፤ አላሉም። አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ፣ «ምን ዓይነት ነበረች? እስቲ አሰሚኝ» አሉኝ። ሞከርኩ። ያችኑ ዝቅ ያለች፣ የሻከረች ድምፅ አወጣሁ። «ይቺ አይደለችም» አልኳቸው። «ለእኔ ደኅና ናት» አሉና እንጀራውን ወደ እኔ ገፉት።

ልጆቹ እያንዳንዳቸው ቀርከሃቸውን ይዘው ተበተኑ። አንዱ ቴፒ፣ አንዱ ማሻ፣ ያቺ ልጅ ማጂ። ቀርከሃዎቹ ዳግም አንድ ላይ አይሆኑም፤ ተለያይተው ደግሞ ዜማ የላቸውም። ልጅቷ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ከትምህርት ቤቷ ጀርባ ዳገት አለ አለችኝ፤ ሕፃናቱን እዚያ ታራምዳቸዋለች። ከዚህ የበለጠ እንዲቀጥል ፈልጌ ነበር።

በመስከረም ርእሰ መምህራችን ዘንድ ገብቼ የሦስተኛ ክፍልን የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ስጡኝ አልኩ። ማንም አይፈልገውም፤ ሁልጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ነበር የሚውለው። «እርስዎ የአማርኛ መምህርት ነዎት፤ ኖታ ያውቃሉ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ሰጠኝ።

አርብ ከእረፍት በኋላ ሦስተኛ ክፍል ሙዚቃ አስተምራለሁ። እኔ አላዜምም። ከልጆቹ አንዱ ሁለት ድምፅ ያወጣል፣ ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፍ ያለውን ከዝቅተኛው ይለያሉ፤ ሲሳሳቱ ልጁ እንደገና እንዲያሰማቸው አደርጋለሁ።